ባዶ ማማ

እንደምን አመሻችሁ፣ የባሕር ዳር የንባብ ወዳጆች።

ስለ ጠፈር ጣቢያ ልቦለዶች አውራ ተብዬ ስለ በቆሎ ብጀምር አትቀየሙኝ። ያደግሁት ቡሬ አጠገብ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርት ይመጣል። ስለዚህ ማሳው መሀል ማማ ይሠራል፤ አንድ ሰው ወንጭፉን ይዞ እዚያ ላይ ያድራል።

አንድ ሌሊት ታላቅ ወንድሜን ልተካ ሄድኩ። «ጋሼ!» አልኩ ከታች። ዝም። ወጣሁ። ጋቢው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወንጭፉ ቋሚው ላይ ተንጠልጥሏል። ግማሹ የተበላ ጥብስ በቆሎ አለ፤ ስነካው ገና ትኩስ ነው። ሰውዬው የለም።

ምሥጢራዊ ጣቢያ የሚባለው ታሪክ ሁሉ ከዚያች ማማ ብዙም አይርቅም። መንኮራኩር ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ተቀባይ የለም። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌም በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሶላሪስ» እንኳ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ እንግዳው ጣቢያው ሲደርስ የሚቀበለው አያገኝም። ልዩነቱ፣ ከማማ ወርዶ መሮጥ ይቻላል። ከጣቢያ ወዴት ይኬዳል? ውጭው አየር የለውም። እኔ በበኩሌ ጭራቁ ብቅ ሲል መጽሐፉን እዘጋለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ትኩሱ በቆሎ ነው።

ነገሩ በእውንም ሆኗል። በ1977 ዓ.ም. ነው። እኛ ሰባ ሰባት ሲባል የምናስበው ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። የካቲት ላይ ሳልዩት 7 የተባለችው የሶቪየት ጣቢያ ድምፅዋ ጠፋ። ያኔ ውስጧ ሰው አልነበረም። ሰኔ 1 ቀን ጠፈርተኞቹ ቭላዲሚር ጃኒቤኮቭና ቪክቶር ሳቪኒክ ደረሱባት። መብራት የለ፣ ምልክት የለ፤ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። መንኮራኩራቸውን በእጅ እየነዱ ተጠግተው ገጠሙባት። ውስጧ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ግድግዳው እንደ ጮቄ ማለዳ አመዳይ ለብሷል። ውኃው በረዶ ሆኗል። ኮፍያ አጥልቀው፣ ልብስ ደርበው፣ በባትሪ ብርሃን ሠርተው ነፍስ ዘሩባት። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ የተበላሸ ሴንሰር ነበር፤ የጣቢያዋ ባትሪዎች ከፀሐይ ኃይል እንዳይሞሉ አደረጋቸው።

የጠፈርተኛው የሰርጌይ ክሪካሌቭ ደግሞ ይብሳል። ግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ እዚህ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ሚር ወደተባለችው ጣቢያ ወጣ። መጋቢት 1984 ሲወርድ የላከችው ሀገር፣ ሶቪየት ኅብረት፣ የለችም። ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው «ኧረ አበዛኸው!» እንለው ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። ወጣቶቻችን የሚጽፉትን አልፎ አልፎ አያለሁ። ካፒቴኑ ሁልጊዜ ጆን ነው። ለምን? እነ ዋሸራ ቅኔ የሚቆጠርበት ሀገር ተቀምጠን ሰምና ወርቅ ከውጭ እናስመጣለን? እዚሁ ጣና ላይ የደሴት ገዳም አለ። ታንኳው ካልመጣ መውጫ የለም። ማታ ደወሉ ሳይደወል ቢቀርስ ብላችሁ አስቡ፤ ታሪኩ ተጀመረ እኮ። ካፒቴኑን በላይ በሉት። እናቱ የቋጠረችለትን ቆሎ ይፍታ። ክብደት በሌለበት ክፍል ቆሎው ሲበተን ማን ይለቅመዋል? ደግሞ ሳይለቀም የቀረ አንድ ፍሬ ከወር በኋላ ማንም ያልገባበት ክፍል ውስጥ ቢገኝስ?

ወንድሜ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ንጋት ላይ መጣ። ገና ከምሽቱ የጃርት ፈለግ ተከትሎ ወንዙን ተሻግሮ፣ እዚያው ዘመድ ቤት አምሽቶ ቀርቶ ኖሯል። ተናደድኩበት። በቆሎውን እንኳ ሳትጨርስ ጥለኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ጮኽኩበት።

«የምን በቆሎ?» አለኝ።

አመሰግናለሁ።