ምስሩ ሲለቀም

ሰላም። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳም የለም። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ያ የነገርኳችሁ፣ አስተሳሰቤንና ፍጥነቴን የሚለካው የአንጎል ፈተና ውጤቱ መጣ። ስለ እሱ ላወራችሁ ነበር። ግን ከውጤቱ ይልቅ ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ የእማዬ እጅ ነው።

እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እማዬ ቤት። ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። እማዬን ታውቋታላችሁ፣ ከሱቅ የመጣ ታሽጎ የተሸጠ ምስር ቢሆንም ጠጠር ትፈልግበታለች። እኔ ወረቀቱን እያየሁ በአማርኛ እነግራታለሁ። ቋንቋ ደህና ነው። ነገር መረዳትም ደህና ነው። ፍጥነት ግን ዝቅ ያለ ነው። ቁጥር በአእምሮ ይዞ ወደኋላ መቁጠርም እንደዚያው። ከዛ ሐኪሜ ከታች ስለኔ የጻፈችውን አነበብኩላት። በልጅነቷ ከወሰደችው የሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር፣ ሕክምና የመጣ ይመስላል፣ ይላል።

እጇ ቆመ። አንዲት ፍሬ ምስር በሁለት ጣቷ መሃል እንደያዘች። ቀና አላለችም።

"እኔ ነኝ የፈረምኩት" አለች።

ይቺን ነገር ስንት ጊዜ መላልሼ እንዳየኋት...

ሜቶትሬክሴት ይባላል መድኃኒቱ። ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር በወገቤ በኩል፣ አከርካሪዬ ውስጥ በመርፌ ይሰጡኝ ነበር። ጉልበቴን ወደ አገጬ አጥፌ፣ እንደ ድመት ተጠቅልዬ። ሲሪንጁ ውስጥ ሲታይ ቢጫ ነው፣ ደማቅ ቢጫ። እማዬ "አደይ አበባ ነው፣ አይዞሽ" ትለኝ ነበር። እስከ ዛሬ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

በወገብ የሚሰጡት በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት ወደ አንጎል እንደልቡ ስለማያልፍ ነው። ካንሰሩ ደግሞ እዚያ ይደበቃል። በፈረንጆች 1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ፣ ሜምፊስ፣ ሴንት ጁድ ሆስፒታል፣ ዶክተር ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቹ ካንሰሩ አንጎል ውስጥ ብቅ እስኪል አልጠበቁም። ቀድመው ጭንቅላትን በጨረር አከሙ፣ ይሄንኑ መድኃኒት በወገብ ጨመሩበት። ከዚያ በፊት የሚድን ልጅ ከስንት አንድ ነበር። እነሱ ጋ ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ግማሽ! ጨረሩ ግን ዋጋ አስከፈለ። ልጆቹ ሲያድጉ ትምህርት ከበዳቸው። ስለዚህ መጠኑ ተቀነሰ፣ በኋላም ለአብዛኛው ልጅ መስጠቱ ቀረ። እኔ በፈረንጆች 1999፣ በ5 ዓመቴ ስታመም ጨረር አልነካኝም። መድኃኒቱ ብቻ ነው።

እሱም የሚሠራው የፎሌትን ሥራ በመዝጋት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የምትውጠውን ፎሊክ አሲድ ታውቁት የለ፣ እሱ ማለት ነው። ካንሰሩ ያለሱ መባዛት አይችልም። ግን የሚያድግ የልጅ አንጎልም ይፈልገዋል። የነርቭ ክሮች እንደ መብራት ሽቦ ላስቲክ የሚለብሱት ሽፋን አላቸው። ፎሌቱ ተዘግቶ ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክቱ ይደርሳል፣ ግን ይዘገያል። ፎሌት ደግሞ በብዛት የሚገኘው ጎመን ውስጥ ነው። ምስር ውስጥ። ያ ትሪ ላይ... እሺ፣ ይሄን ለምን እንዳነሳሁት እንጃ።

ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ዓመታት ቆይቶ ትምህርቱ ሲጠጥር ነው የሚመጣው። እኔ ጋ ሦስተኛ ክፍል ስደርስ መጣ። እማዬ የማታ ሥራ ልትገባ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። "ሰባት ጊዜ ስምንት? ትናንት አውቀሽው አልነበር እንዴ?" አውቄው ነበር። ከውስጤ እስኪመጣ ነው። "አንቺ ፈዛዛ!" ትለኛለች። አስተማሪዋም ልቧ ሌላ ቦታ ነው አለች። ማንም ከሕመሙ ጋር አላያያዘውም። ድናለች ተብሏላ፣ አለቀ።

ቆይ ግን። የታመመ ልጅ ይዛችሁ የምትሰሙኝ አላችሁ፣ ከአዲስ አበባም የምትጽፉልኝ። በእኔ ሞት፣ ይሄን ሰምታችሁ ሕክምና እንዳታቋርጡ። ያ መድኃኒት ባይኖር እኔ የለሁም። ሁሉም ልጅ ደግሞ እንደኔ አይሆንም። ብቻ ሕክምናው ሲያልቅ "ልጄ በትምህርት እንዴት ናት?" ብላችሁ ጠይቁ። ትመርመር በሉ። ክፍል ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣት በሉ። ለኔ ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ... ተዉት።

እና እማዬ "እኔ ነኝ የፈረምኩት" አለች። መልሱን አውቀዋለሁ። "አዳንሽኝ" ነው። አንዲት ቃል። አልመጣችልኝም። እናንተ "ቡና ይፈላበታል" የምትሉት ዝምታዬ መጣ። እማዬ ጠበቀች። ከዛ ያቺን ምስር ከተለቀመው ጋር ጣለቻት። ትሪዋን አንስታ ገባች። ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ።

ቃሏ መኪና ውስጥ መጣችልኝ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ቀይ መብራት ይዞኝ።

መጀመሪያ ያው መዘግየቴ ነው አልኩ። ወረቀቱም ይላል። ሌሊት ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ቂም ይዤባት ቢሆንስ? ስለፈረመች አይደለም። ስለ እርሳሱ። ስለ "ፈዛዛ"። ዝም ያልኩት አንጎሌ ዘግይቶብኝ ነው ወይስ ልቤ አልፈቀደም? ይሄ በምን ይለያል? ሠላሳ ዓመት አልፎኝ የቱ የኔ ጠባይ እንደሆነ፣ የቱ የመድኃኒቱ እንደሆነ... አላውቅም።

ትናንት ደወልኩላት። ልነግራት ነበር። "ምስሩን ሠርቼዋለሁ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ፣ ነይና ውሰጂ" አለችኝ። "እሺ እማዬ" አልኳት። ስልኩን እሷም አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም። የቴሌቪዥኗ ድምፅ ይሰማኛል። ትንፋሿም ይሰማኛል። እና...

ነገ ልሄድ ነው። ካልሆነም ቅዳሜ።