ካሜራው ስንት ያወጣል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከደሴ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ድምፁ ከገባባችሁ ታገሡኝ፤ ነሐሴ ነው፣ ደሴ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሰሞኑን ከወልድያ አንድ አድማጭ በቴሌግራም የካሜራ ፎቶ ላከልኝ። ዞርኪ 4 ነው፣ የሩሲያ ሥሪት። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ከሥር ጽፎ "ይገባዋል ወይስ ሊበሉኝ ነው?" ይለኛል። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ካሜራው ተወልውሏል። ቆዳው አልተላጠም። ሌንሱ ያብረቀርቃል። ግን በዚህ ፎቶ ተነስቼ ዋጋ ልነግረው አልችልም። ለምን እንደማልችል ሳስብ ነው የዛሬው ወሬ የመጣው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዞርኪ ሬንጅፋይንደር ከሚባሉት ነው። ሬንጅፋይንደር በሌንሱ በኩል ሳይሆን ከላይ ባለች መስኮት የምታዩበት ካሜራ ነው። ከመስኮቷ ራቅ ብላ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከሁለቱ የገባው ምስል በመስታወት ይገናኝና መሐል ላይ ተደራርቦ ይታያል። ሌንሱን ስታዞሩት ይቀራረባል። ልክ ሲገጥም ፎከሱ ገባ ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው። ጀርመኖቹ ላይካን፣ ሶቪየቶቹ ፌድን፣ ዞርኪንና ኪየቭን፣ ጃፓኖቹ ካኖኔትንና ያሺካ ኤሌክትሮን በዚህ መንገድ ሠሩ።

የሶቪየቶቹ ካሜራዎች በእኛ አገር ብቅ ማለታቸው አይገርምም። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄደው ብዙ ነው። ሲመለስ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣም አለ። ያ ካሜራ ቁም ሳጥን ላይ ይከርማል። ከዚያ አንድ ቀን ልጆቹ ያወርዱትና ቴሌግራም ላይ ይለጥፉታል። ከሥሩ ምን ይጻፋል? "አንቲክ። በጣም ብርቅዬ። ላስት ፕራይስ።"

ብርቅዬ? ዞርኪ 4 በፈረንጆቹ ከ1956 እስከ 1973 ተመርቷል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው የተሠራው። በ1954 የወጣው ላይካ ኤም3 እንኳ ከ220,000 በላይ ተሠርቷል፤ እሱንም ብርቅ ነው የሚለው የለም። ላይካው የሚወደደው በአሠራሩ ነው፣ በስሙ ነው፣ እስከ ዛሬም አዋቂ ፈትቶ ስለሚገጥመው ነው። ዕድሜማ አጎቴ ግቢ ያለው የተሰበረ ወፍጮም አለው።

ሌላው ነገር ኢንተርኔት ነው። ሻጩ ኢቤይ የሚባለውን የኢንተርኔት ገበያ ይከፍታል። ከሁሉ የሚበልጠውን ቁጥር ያያል። በዶላሩ ምንዛሪ ያባዛዋል። ያ ቁጥር ግን የተጠየቀ እንጂ የተከፈለ ገንዘብ አይደለም። እዚያው ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ተጫኑ። ልዩነቱን ስታዩ ትስቃላችሁ። ዞርኪ 4 በደህና ይዞታ ላይ ሆኖ ከነሌንሱ ብዙውን ጊዜ በ100 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚሸጠው።

ያ 100 ዶላር ራሱ እኛ ዘንድ ሲመጣ መልኩን ቀየረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት በባንክ 5,700 ብር አካባቢ የነበረው ዕቃ፣ ሳምንታት ሳይቆይ ከ10,000 አለፈ። ካሜራው ግን ያው ነው። አንድ ፎቶ አላነሳም፣ ከሻንጣው አልወጣም፣ ሻጩም በዶላር አልገዛውም። እና "ዶላር ስለጨመረ" የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ እከራከራለሁ። ሌላ ልግዛ ብል የሚያስወጣኝ በምንዛሪው ነው፤ እሱን አልክድም። ግን የወልድያ ቁም ሳጥን ውስጥ 40 ዓመት የተቀመጠ ዕቃ ከውጭ እንደሚመጣ ዕቃ ሊሰላ አይገባውም።

ዋናው ግን ይህም አይደለም። በውጭው ዋጋ ውስጥ ሁለት የማይታዩ ነገሮች ተደምረዋል። እዚያ ዕቃው ካልሠራ ብዙ ጊዜ መመለስ ይቻላል። ከተበላሸም የሚጠግን ሰው አለ። እኛ ጋ ሁለቱም የሉም። ፒያሳ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች እጃቸው ወርቅ ነው፣ ምስክር ነኝ። ግን የሻተር ጨርቅ፣ ያችን ለፊልሙ ብርሃን የምትከፍትና የምትዘጋ መጋረጃ፣ ከየት ያምጡ? ስለዚህ በርሊን ላይ የሚስተካከል ብልሽት ደሴ ላይ ሙሉ ካሜራውን ይበላል። እኔ ዋጋ የማወጣው ከዚህ ተነስቼ ነው። ሁሉ ነገሩ የሚሠራ ከሆነ ውጭ ወደተሸጠበት ዋጋ ልጠጋ እችላለሁ። "ትንሽ ይይዘዋል እንጂ ይሠራል" ከተባለ ግን የሌንሱን ዋጋ ብቻ ነው የምከፍለው።

ሌንሱን ለይቼ የማስቀምጠው በምክንያት ነው። ዞርኪ 4 ላይ ብዙ ጊዜ ጁፒተር 8 ይገኛል፤ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2፣ ዛይስ የሚባለውን የጀርመን ኩባንያ ሌንስ፣ ዞናርን፣ ተከትሎ የተሠራ። ጥርሱ 39 ሚሊ ሜትር ነው። በርካሽ አዳፕተር ዛሬ ባሉት መስታወት አልባ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ይገጥማል። ስለዚህ ገላው ቢሞት እንኳ ሌንሱ ሥራ አያጣም። ኪየቭ ላይ ያለው ጁፒተር ግን አገጣጠሙ ሌላ ነው፤ እንዳታምታቱት። ኪየቭ ኮንታክስ የሚባለው የዛይስ ካሜራ ልጅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች የዛይስን ማምረቻ መሣሪያ በካሣ መልክ ወስደው ነው መሥራት የጀመሩት። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ግን ለታሪክ ብዬ ብር አልጨምርም።

አሁን እጃችን ላይ እናድርገው። ባቲ ሰኞ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው በሬው ምን ያህል ዝነኛ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል። ካሜራም እንደዚያው ነው።

በመጀመሪያ የስልካችሁን መብራት በሌንሱ አሳልፉ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካያችሁ ፈንገስ ነው። ደሴ ከፍታዋና ክረምቷ ይታወቃል፤ እርጥበቱ ለወራት አይወጣም። ሰው ደግሞ ካሜራውን የጠበቀ እየመሰለው በቆዳ መያዣው ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ "ከመያዣው ወጥቶ አያውቅም" ሲሉኝ ደስ አይለኝም፤ መብራቴን ነው የማወጣው።

ቀጥሎ ወደ ውጭ ውጡ። ደሴ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ጦሳ ተራራ አለላችሁ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው፣ ወደ ተኛችው ስምንት ምልክት አዙሩት። ከፒያሳ ሆናችሁ የጦሳን ጫፍ በመስኮቷ እዩ። ሁለቱ ምስሎች አንድ መሆን አለባቸው። ወደ ጎን ከተዛነፉ አትደንግጡ፤ ዞርኪ ላይ እጁ የለመደ ሰው በትንሽ ካቻቢቴ ያስተካክለዋል። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ከፊልሙ ቦታ በትክክል 1 ሜትር ላይ ያለ ነገር እዩ። ምስሎቹ ሲገጥሙ ሌንሱ ላይ ያለው ቁጥርም 1 ማለት አለበት። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ምስል ደብዝዞ የማይታይ ከሆነ የመስታወቱ ቅብ አልቋል ማለት ነው። ያን እዚህ የሚቀባልኝ ሰው የለም። ያ ካሜራ ለእኔ ሌንስ ነው።

ሻተሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዞርኪ 4 አንድ ሕግ አለው፦ ፊልሙን ሳታጠነጥኑ የፍጥነት ቁጥሩን አትንኩ። መጀመሪያ ታጠነጥናላችሁ፣ ከዚያ ትመርጣላችሁ። ታዲያ ሻጩ ፊታችሁ ቆሞ ሳያጠነጥን ቁጥሩን ገርገጭ ካደረገው፣ እቤቱም እንዲሁ ሲያደርገው ነው የኖረው። ዝም ብላችሁ እዩና ዋጋችሁን አስተካክሉ። ከዚያ በ1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ጀምሮ የሚቆም ከሆነ ቅባቱ ደርቋል። 1/1000ኛውን እንኳ አትመኑት፤ በእነዚህ ዕድሜዎች ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። ከ1/60 እስከ 1/500 በደንብ ከሠራ ለወሎ ፀሐይ ይበቃል።

ፀሐይ ካልኩ፣ እንደ ዞርኪ የጨርቅ ሻተር ያለው ሬንጅፋይንደር እንደሌሎቹ ካሜራዎች ከሌንሱ ኋላ መስታወት የለውም። ክዳኑ ሳይደረግለት ፀሐይ ላይ ከተጋደመ ሌንሱ ፀሐዩን ሰብስቦ የሻተሩን ጨርቅ ይበሳዋል። ቀዳዳዋ በዓይን አትታይም። ጀርባውን አውጡት፣ ሌንሱን ፍቱት፣ ጨለማ ክፍል ግቡ፣ ከአንድ ወገን መብራት አብሩበት። እንደ ኮከብ የምታበራ ነጥብ ካያችሁ ለሻጩ መልሱለት።

ጃፓኖቹ ላይ የምፈራው "ባትሪ ብቻ ነው የጎደለው" የሚለውን ወሬ ነው። ካኖኔት ባትሪ ባይኖረው ብርሃን መለኪያው ብቻ ነው የሚሞተው፤ በእጅ እየመረጡ ማንሳት ይቻላል። ያሺካ ኤሌክትሮ ግን ያለ ባትሪ በ1/500 ብቻ ነው የሚተኩሰው። የሁለቱም የጥንቱ ባትሪ ሜርኩሪ ስለነበረበት ከገበያ ወጥቷል፤ ምትክ መፈለግ አለባችሁ። ኤሌክትሮው ላይ ደግሞ ስታጠነጥኑ "ቱክ" የሚል ድምፅ ካልተሰማ ውስጡ ያለች የጎማ ቁራጭ ሟሙታለች፤ የታወቀ በሽታው ነው። ባትሪ ገብቶበት ሲሠራ ካላየሁ እንደሞተ ነው ዋጋ የምሰጠው። ሻጩ ይከፋዋል። ይክፋው።

ወርቅ የተቀባ፣ የጀርመን ጦር ምልክት ያለበት "ላይካ" ከቀረበላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፌድ ወይም ዞርኪ ነው፣ ስሙ ተፍቆ የተቀረጸ። ሌንሱን ፍቱና ከውስጥ የምትታየውን ፎከስ ነኪ ጣት እዩ። ላይካው ላይ ክብ ተሽከርካሪ ናት፤ የሶቪየቱ ላይ ሾጠጥ ያለች ናት።

ለወልድያው ወዳጄም ይህንኑ ነው የጻፍኩለት፦ ሂድና ፍታው፣ አስተኩሰው፣ ከዚያ ስንት ያወጣል እንነጋገራለን።

አሁን ከካሜራው ይልቅ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት ገዢው እንዳይበላ ነው። ሻጩስ?

ሸዋ በር አካባቢ አንዲት እናት የባላቸውን ካሜራ እንድመለከትላቸው አስጠሩኝ። ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎ ቀርቦ፣ ዕቃው በጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። ካኖኔት ነው፣ ጥርት ያለ። "እንዲያው ልጄ፣ ምን ሰጥተኸኝ ትወስደዋለህ?" አሉኝ። ቀጥለውም እሳቸው ያሰቡትን ነገሩኝ። ለጥቂት ጉርድ ፎቶ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ውስጤ "ዝም በልና ክፈል" አለኝ፣ አልዋሽም። "እማማ፣ ይሄ እንደዚያ አይደለም" ብዬ ውጭ ስንት እንደሚሸጥ ነገርኳቸው። ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ እንዳለቀ፣ ባትሪው እንደማይገኝ፣ ለዚያ ምን እንደምቀንስም ነገርኳቸው። ተስማማን። "ሐላል ይሁንልህ" ብለው መረቁኝ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። "ዓመታት አንብበህ ያወቅኸውን በነፃ ሰጠሃቸው" አለኝ። ነገሩ እውነት አለው። ያወቀ ሰው ከእውቀቱ ቢጠቀም አልቃወምም። ደላላም፣ ነጋዴም በዚሁ ነው የሚኖረው። ግን ትርፉን እንደ ትርፍ ፊት ለፊት ልጥራው። "ይህን ያህል ያወጣል፣ እኔ ግን የምሸጠው ለትርፍ ነው፣ ይህን ያህል እሰጣለሁ" ቢባሉ እኚህ እናት እምቢም እሺም የማለት መብት አላቸው። ሁለታችንም ካላወቅን ክርክሩ ምኑ ክርክር ነው? ነውር ያለበትን ዕቃ ነውሩን ሳይናገር የሚሸጥን ሰው እናማለን። ዋጋውን ደብቆ የሚገዛውንም እዚያው መደብ ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ወሎ ውስጥ ሳይጠየቅ አይታለፍም። በ2014ቱ ጦርነት ከደሴም ከኮምቦልቻም ከሌላውም ብዙ ንብረት ተዘርፏል። ስለዚህ ካሜራ ሲቀርብልኝ "የማን ነበር?" እላለሁ። ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ታሪኩን ይተርካል፤ የት እንደተገዛ፣ ማን እንዳነሳበት። አንዳንዱ የድሮ ፎቶ አውጥቶ ያሳያል። ዝም ካለኝ፣ ወይም ታሪኩ ከተቀያየረብኝ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ አልገዛውም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስና ልጨርስ። ካሜራውን ብቻ አትደምሩ። ፊልም እዚህ ሱቅ አይሸጥም፤ ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። ፎቶ ቤቶቹ ወደ ዲጂታል ከገቡ ቆይተዋል፤ ጥቁርና ነጩን ራሳችሁ ማጠብ ትችላላችሁ፣ ከለሩ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የአንድ ፊልም 36 ፎቶ ምን እንደሚያስወጣችሁ ቀድማችሁ አስሉ። እኔ ውድ ያለ ካሜራ ሲሆን ከሻጩ ጋር እንዲህ እስማማለሁ፦ ግማሹን እከፍላለሁ፣ ግማሹ ሁለታችን በምናምነው ሰው እጅ ይቀመጣል። አንድ ፊልም አንስቼ አጥባለሁ። ኔጋቲቩ ደህና ከሆነ ቀሪው ይሰጠዋል። ብርሃን ከገባበት ወይም ፎቶዎቹ ከተደራረቡ ኔጋቲቩን ይዤ እሄድና እንደገና እንነጋገራለን። "አይሆንም፣ ሙሉውን አሁን" የሚለኝ ሻጭም አለ። መብቱ ነው። እኔም የምሰጠው ያልተፈተነ ዕቃ ዋጋ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ድምፅም ይሁን ጽሑፍ። የካሜራውን ፎቶ ስትልኩ የሌንሱን ውስጥና ጀርባውን ከፍታችሁ አንሱልኝ። በሉ ቸር ሰንብቱ።