ከጌታው ይልቅ የሚፈራው ቀኝ እጅ፦ እንዲህ ያለ ጀብዱ እንዴት ይገኛል?

[ምስል፦ የተዘረጋ ካርታ፣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ፣ ገና ያልተገለጠ የጀብዱ መጽሐፍ]

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ የሚና ጨዋታ የሚመራ ሰው ጀብዱ፣ ማለትም ለጨዋታው ተዘጋጅቶ የታተመ ታሪክ፣ ሲመርጥ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋናው ክፉ ነው። ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምሽጉ የት ነው? እኔ ግን አስቀድሜ የምፈልገው ሌላ ሰው ነው፦ በሩን የሚከፍተውን፣ ደብዳቤውን የሚቀበለውን፣ ጌታው የማይወጣበትን ሥራ ወጥቶ የሚሠራውን። ተጫዋቾች ዋናውን ክፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት በመጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠሉትና የሚያሳድዱት፣ ሌሊትም ስለ እርሱ የሚያወሩት ቀኝ እጁን ነው። ዛሬ የምንፈልገውም ይህ ቀኝ እጅ በማንነቱ ወይም በኃይሉ ተጫዋቾቹን የሚያስደነግጥበትን ጀብዱ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የአንዳንድ ጀብዱዎችን ምስጢር እገልጣለሁ። «ሎስት ማይን ኦቭ ፋንዴልቨር»ን፣ «ሆርድ ኦቭ ዘ ድራጎን ኩዊን»ን፣ «ከርስ ኦቭ ስትራድ»ን ወይም «ዘ ስኪንሶው መርደርስ»ን በተጫዋችነት ልትጫወቱ ያሰባችሁ ቪዲዮውን እዚህ ላይ አቁሙት።

ሐሳቡ ከጨዋታው ጋር አብሮ ያደገ ነው። የሚና ጨዋታዎች ፈር ቀዳጅ የሆነው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» በታተመ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ «ዘ ቪሌጅ ኦቭ ሆምሌት» የተባለውን ጀብዱ አወጣ። በዚያች ሰላማዊ መንደር ለጀማሪ ጀግኖች ስንቅና መሣሪያ የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች አሉ። ሁለቱም የክፉው ወገን ሰላዮች ናቸው፤ በችሎታም ጀማሪዎቹን እጅግ ይበልጧቸዋል። ጀግናው ገመድና ችቦ ሲገዛ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ በገዛ አፉ ለጠላቱ እየነገረ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ይህ አቀማመጥ ዛሬም ይሠራል።

[ምስል፦ የመስታወት በትር የያዘ ጠንቋይ]

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ሎስት ማይን ኦቭ ፋንዴልቨር» የሚያሳየን የማንነትን ድንገተኛነት ነው። ጀግኖቹ ያርኖ አልብሬክ የተባለ የጠፋ ጠንቋይ እንዲፈልጉ አደራ ይቀበላሉ። በዚያው ጊዜ ከተማዋን የሚያስጨንቅ የወሮበሎች ቡድን አለ፤ አለቃው በቅጽል ስሙ ግላስስታፍ ይባላል። ተጫዋቾቹ አንዱን ሊያድኑት፣ ሌላውን ሊይዙት ይወርዳሉ፤ ሁለቱ ግን አንድ ሰው ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ጥቁሩ ሸረሪት ከተባለው ዋና ክፉ የተጻፈለት ደብዳቤ ይገኛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ተጫዋቾቹ ስሙን ሰምተውታል፣ አዝነውለታል፣ ምናልባትም ሞቷል ብለው ፈርተዋል። ድንጋጤው የሚመጣው ቀድሞ ከተዘራ ነገር ነው። ከየትም የማይታወቅ ሰው ድንገት ብቅ ብሎ «የክፉው አገልጋይ እኔ ነኝ» ቢል ማንንም አያስደነግጥም።

የኃይል ድንገተኛነት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ በዚያው ዓመት በታተመው «ሆርድ ኦቭ ዘ ድራጎን ኩዊን» ውስጥ እናየዋለን። ግሪንስት የተባለችው ከተማ ስትዘረፍ ባደረችበት ሌሊት፣ ላንግደድሮሳ ሲያንራዝ የተባለ ግማሽ ድራጎን ምርኮኞችን ይዞ ከምሽጉ ፊት ይቆማል። አንድ ለአንድ የሚገጥመው ይፈልጋል። የጨዋታው ሕግ የፈተና ደረጃው (የባላንጣውን ከባድነት የሚያሳየው ቁጥር) 1 የሆነን ጭራቅ ለአራት ጀማሪዎች ተገቢ ግጥሚያ አድርጎ ይቆጥራል። የሲያንራዝ ደረጃ 4 ነው፤ የሚወጣለትም አንድ ጀማሪ ብቻ። ከአፉም መብረቅ ይተፋል።

ጀግናው አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። ታዲያ ይህ ጀብዱውን ለምን አያበላሸውም? ምክንያቱም ሽንፈቱ የታሪኩ ማብቂያ አይደለም። ባላንጣው ግጥሚያውን ሲጨርስ ይሄዳል፤ ጓደኞቹ የወደቀውን ሮጠው ያነሡታል፤ በሦስተኛው ክፍል፣ የድራጎን እንቁላሎች በተደበቁበት ዋሻ፣ ያው ባላንጣ ይጠብቃቸዋል። በቀልን እንዲህ አድርጎ የሚያበስል ሌላ አቀማመጥ ብዙ አላየሁም።

የምወደው ግን ራሃዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ከርስ ኦቭ ስትራድ» የቫምፓየሩ የስትራድ ግቢ አዛዥ ነው። እንግዶችን በትሕትና ተቀብሎ ጌታው ወደሚጠብቅበት አዳራሽ ይመራል። ተጫዋቾች በዚህ ግንብ ሙታንን ይጠብቃሉ፤ ይህ ግን ሕያው ነው። የገዛ ወገኖቹን ለጌታው ያስፈጀ ኤልፍ፣ ማለትም ሰው መሰል የተረት ፍጡር፣ ነው። አሥር ጫማ ያህል የቀረበው ሁሉ ራሃዲን የገደላቸውን የሺዎች ጩኸት በአእምሮው ይሰማል። የፈተና ደረጃው 10፣ የስትራድ ደግሞ 15 ነው። ቁጥሩን ካላነበባችሁት በስተቀር ለእራት የሚጠራችሁን ሰው ማን ይጠረጥረዋል?

[ምስል፦ የመጽሐፉ የኋላ ገጾች ሲገለጡ]

አሁን ወደ ፍለጋው። ዲኤምስ ጊልድና ድራይቭ ስሩ አርፒጂ በመሳሰሉት የመሸጫ ድረ ገጾች የጀብዱው ማስታወቂያ ዋናውን ክፉ በስም ይጠራል፤ ቀኝ እጁን ግን ምስጢር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም። ስለዚህ «አገልጋይ» ብሎ መፈለግ ሩቅ አያደርስም። በሥራው ፈልጉት፦ አማካሪ፣ የግቢ አዛዥ፣ የዘበኞች አለቃ፣ ሰላይ፣ ቅጥረኛ ገዳይ። መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ ደግሞ ከፊት አትጀምሩ። ከኋላ የተዘረዘሩትን ገጸ ባሕርያትና ጭራቆች ተመልከቱ፤ የራሱ ስምና የራሱ ችሎታ ያለው፣ ደረጃው ጀግኖቹ በሚያገኙት ጊዜ ከሚኖራቸው አቅም ከፍ ያለ ሰው ካለ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንደተጠራ ፈልጉ። የመጀመሪያው ገጽ የውጊያው ገጽ ከሆነ ተዉት፤ እርሱ ቀኝ እጅ ሳይሆን በር ላይ የቆመ እንቅፋት ነው።

ሌላው የማየው ነገር ውጊያው ሲከፋ ምን እንደሚያደርግ የሚናገረው አንቀጽ ነው። ይሸሻል? ይደራደራል? ጌታውን ይከዳል? እስከ ሞት ይዋጋል? ደራሲው ስለዚህ ምንም ካላለ ስለ ሰውየው አላሰበበትም ማለት ነው።

ኃይል ብቻውን አደጋ አለው። ፓዝፋይንደር በተባለው የጀብዱ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው «ዘ ስኪንሶው መርደርስ» ጀግኖቹ የነፍሰ ገዳዮችን ፈለግ ተከትለው ማግኒማር ከተማ ካለ አሮጌ የሰዓት ማማ ይደርሳሉ። ከላይ ዛኔሻ አለች፤ የጥንቱ ገዥ የካርዙግ አገልጋይ ናት፣ የጀግኖችን ቡድን በሙሉ በመፍጀትም ስሟ የወጣ ነው። ጀብዱው ድንቅ ነው፤ እኔም እመክረዋለሁ። ነገር ግን የሚመራው ሰው ምልክቶችን ቀድሞ መትከል አለበት፦ ከማማው አምልጦ የወረደ ምስክር፣ ለማፈግፈጊያ የሚሆን መንገድ፣ ከላይ ያለችው ምን እንደሆነች የሚጠቁም ወሬ።

የወደዳችሁት ጀብዱ ሁሉ ነገር ኖሮት ቀኝ እጅ ብቻ ከጎደለው ከውስጡ አንድ ሰው ሹሙ። ተጫዋቾቹ ቀድመው ያነጋገሩትን፣ ቢቻል አንድ ጊዜ የረዳቸውን ምረጡ። ለችሎታው ከሌላ ጭራቅ ቁጥሮችን ተበደሩ፤ ሰውነቱ፣ አነጋገሩና ሥራው ግን እንደነበረ ይቆይ። ከመገለጡ በፊትም ቢያንስ በሁለት ትዕይንቶች ላይ አቅሙን የሚያሳብቅ ነገር አስገቡ፤ ለምሳሌ ሦስት ሰው የማያነሣውን መቀርቀሪያ በአንድ እጁ ያንሣ፣ ማንም አስተያየት ሳይሰጥበትም ጨዋታው ይቀጥል።