በአንድ መስከረም ስንት ተማሪ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ዛሬ ከደብረ ብርሃን ሆኜ የማነሣው ጉዳይ እኔና ባለቤቴ ከክረምቱ ጀምሮ ስንመክርበት የቆየነው፣ ሦስተኛ ልጅ እንውለድ ወይስ በሁለቱ ይብቃን የሚለው ነው። የእግዚአብሔርን ፈቃድና የጤናን ነገር ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ በገንዘቡ በኩል ብቻ እናገራለሁ፤ በእኛ አካባቢ ልጅን ከብር ጋር አያይዞ ማንሣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ ሰው ሁሉ በሆዱ ያሰላዋል እንጂ አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚሉትን ሽማግሌዎች ሒሳብ እንደማያውቁ አድርጎ መቁጠር ግን ልክ አይመስለኝም። እኔ ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ሰባት ልጆች በነበርንበት ቤት ነው። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በግ ይጠብቃል፣ ስምንት የሞላት ልጅ ውሃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ ልብሱም ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርዳል። አባቴ እንደ እኔ ከደመወዙ 7 ከመቶ እየተቆረጠ አሠሪው 11 ከመቶ የሚጨምርለት የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆነ፣ ጡረታው እኛው ነን። ለእርሱ ሰባት ልጅ መውለድ ትክክለኛ ስሌት ነበር፤ ያልተሰላው መሬቱ ነው። አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ የሆነ ይዞታ ለሰባት ሲካፈል ለማንም እንደማይበቃ ሁላችንም አውቀን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ የቀረው መንገድ ትምህርት ብቻ ሆነ።

ችግሩ የጀመረውም እዚያ ላይ ነው፤ ያውም አንደኛ ክፍል ላይ ሳይሆን ዘጠነኛ ክፍል ላይ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ትምህርት ከቤት በእግር የሚደረስበት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ወደ ወረዳው ከተማ ወርዶ ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይሄድና እሑድ ማታ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ኪራዩ፣ ደብተሩና የደንብ ልብሱ የሚፈለጉት መስከረም ላይ ሲሆን፣ ገብሱ ግን ያን ጊዜ ገና ማሳ ላይ ነው፤ የሚወቃው ከኅዳር በኋላ ነው። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ ገበያ በግ ይነዳል። አንድ ተማሪ ከሆነ፣ ሁለትም ቢሆኑ፣ ወንድ ጠቦቶቹ ይበቃሉ፤ ሦስት ሲሆኑ እናት በጎቹ መሸጥ ይጀምራሉ፤ እናቲቱ የተሸጠችበት ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠው ጠቦት የለውም። እኛ ቤት እናት በጎቹ እንዳይሸጡ ያደረገችው እህቴ እታለም ናት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሰው ቤት ተቀጠረችና የእኔን ኪራይ ትልክልኝ ነበር። ዛሬ የልጇን የኮሌጅ ክፍያ የምካፈለው እኔ ነኝ፤ ይህን ወጪ ውለታ ነው ብዬ ከሒሳቤ ላወጣው አልችልም፤ በየወሩ የሚከፈል ብር ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ 4.6 ሲሆን፣ በገጠር 5.2፣ በከተማ 2.3፣ በአማራ ክልል ደግሞ 3.7 ነበር። የገጠሬዋንና የከተሜዋን ልዩነት ሥልጣኔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ግማሹ የቤት ኪራይ ነው ባይ ነኝ። እዚህ ደብረ ብርሃን የስድስት ዓመት ልጅ በግ አይጠብቅም፤ ይልቁንም የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞግዚት ያስፈልጋል፣ ሞግዚት የሚሆኑት ልጆች ደግሞ ወደ ፋብሪካዎቹ መግባትን ይመርጣሉ፤ አልፈርድባቸውም። የደመወዝ ግብሩም ቢሆን አንድ ልጅ ያለውንና አምስት ያለውን ሠራተኛ አይለይም።

ወላጆቻችን ያልነበረባቸው ሌላ ወጪም መጥቷል። ቀድሞ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ጎበዝ ልጅ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ክፍያውም በወጪ መጋራት ሥራ ከያዘ በኋላ ይመለሳል ብሎ መተማመን ይቻል ነበር። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ግን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰማን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የግል ኮሌጅ ክፍያ መያዝ አለብኝ፤ ልጄ ካለፈ እሰየው።

አሁን የራሳችንን ላስላው። ትልቁ ልጃችን 9፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። ሦስተኛው በሚቀጥለው ዓመት ቢወለድ፣ ትልቁ ኮሌጅ ጨርሶ ከወጣ በኋላ ነው ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው፤ ሦስቱ በአንድ መስከረም ከባድ ወጪ ይዘው አይመጡብንም ማለት ነው። ይህን ወረቀት ላይ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ ዛሬ 44 ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛው ዘጠነኛ ክፍል በሚገባበት ዓመት እርሱ 60 ሞልቶት ጡረታ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ ሁሉ በእኔ ደመወዝ ላይ ይወድቃል፤ እኔም ልጁ ኮሌጅ ሲጨርስ 59 ይሆነኛል። የእታለም ልጅ እስኪመረቅ ብንቆይ እጃችን ትንሽ ይፈታል፤ የጡረታው ጊዜ ግን በዚያው ልክ ይቀርባል።

ባለቤቴ የሚለው ሌላ ነው፤ «ጡረታችን ኑሮውን አይችለውም፣ ያን ጊዜ ከሁለት ልጅ ሦስት ልጅ ይሻለናል» ይላል። ክርክሩ የአባቴ ክርክር ቢሆንም ውኃ ያነሣል። እኔ ያልኩት፣ ሦስተኛውን የምንወልድ ከሆነ የራሳችንን ቤት ለመሥራት በማኅበር የምንቆጥበው ብር ከአሁኑ ወደዚህ ይዙር፣ እርጅናችንም በኪራይ ቤት እንደሚሆን ተስማምተን እንግባበት ነው። መልሱን አልሰጠኝም፤ በጾሙ ውስጥ ቁጭ ብለን ልንጨርሰው ተቀጣጥረናል።