የአርፋጆች ዝርዝር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባ ይቅርታ።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ሞኒተር ነበርኩ። ሞኒተር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ሥልጣን ነው። ጠመኔው እጃችሁ ላይ ነው። ቲቸር ወጣ ሲል "ረባሾች" ብላችሁ ሰሌዳው ላይ ስም ትጽፋላችሁ። እኔ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ነበረኝ። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ያረፈደ እመዘግባለሁ።

አንድ ልጅ ነበር። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ስሙ እኔ ወረቀት ላይ አይጠፋም። ይንበረከካል፣ ይገረፋል፣ ከዚያ ገብቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይተኛል። "ዛሬም አንተ?" እለዋለሁ። አይመልስልኝም።

አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገና በጠዋቱ ዘመድ ልንሸኝ አውቶቡስ ተራ ሄድን። እዚያ አየሁት። የሊስትሮ ሳጥኑ ላይ ቡርሹን ኳ ኳ አደረገና "ጫማህን ልጥረግልህ፣ ሞኒተር?" አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሚያረፍደው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የጠዋት ተሳፋሪ ሳያልቅ ሥራውን ጥሎ መምጣት አይችልም ነበር።

ሰኞ ዕለት አረፈደ። ስሙን ጻፍኩት።

እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። እስከ ዛሬ ያልዋጥኩት ይህቺን ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ልጁ አልመጣም። የጠየቀም አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ይሄን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስለ ጋሽ አስፋው የምሩ ሳነብ ነው። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ የጳውሎስና የዊንጌት አካባቢ ልጆች ግን ያውቋቸዋል። ጋሽ አስፋው ከቡልጋ ገና በልጅነታቸው ብቻቸውን አዲስ አበባ መጡ። ጎዳና ላይ አደሩ። እንደምንም ተምረው ነፃ ዕድል አገኙና ጄነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ሆነው ገቡ። እስቲ አስቡት፤ ትናንት ጎዳና የነበረ ልጅ ዛሬ አልጋ አለው፣ ሦስቴ ይበላል። እኔ ብሆን አርፌ እማር ነበር።

እሳቸው ግን የተማሪውን ትራፊ ምግብ እየሰበሰቡ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላሉ ልጆች ማውጣት ጀመሩ። ልጆቹ በሉ። ከዚያ ማንበብ አስተምረን አሉ። ዛፍ ሥር ትምህርት ተጀመረ። አስተማሪው ራሱ ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ተማሪ ነው! ልጆቹ ሲበዙ ቦታ ጠፋ። ጋሽ አስፋው ንጉሡ በመኪና ሲያልፉ ፊታቸው ወድቀው መሬት ለመኑ፤ ተሰጣቸውም። አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት እንዲህ ቆመ። ክፍያ የለም። ዱላም የለም። በዚያ ዘመን ያለ ዱላ ማስተማር ማለት ምን ማለት እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በ1993 ልጆች ራሳቸው የሚዳኙትን የዓለም የሕፃናት ሽልማት አገኙ። በ2013 አረፉ።

እኔን የያዘኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ እንጀራ፣ ቀጥሎ ፊደል። ነገሩ አዲስም አይደለም። የቆሎ ተማሪ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ የሚለምነው ለዚህ አይደል? የኔታ ያስተምራሉ፣ መንደሩ ያበላል። (ሴት ልጅ እዚያ ውስጥ የት ነበረች ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብዙ ጊዜ የለችም። ያ ሌላ ክፍል ይወጣዋል።)

የ2015ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የነበረውን ጫጫታ ታስታውሳላችሁ። ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኝ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ታክሲ ውስጥም ካፌ ውስጥም የምሰማው "የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው" የሚል ነበር። እኔ ግን አንድ ሌላ ቁጥር ነው ከአእምሮዬ ያልወጣው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! እነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፋ? አላምንም። ይሄ የስንፍና ቁጥር አይደለም። በር ላይ ቆሞ ስም መመዝገብ ቀላል ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር የተሻሻለ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ ምገባ አለ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣል። ምገባው ግን የትንንሾቹ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ሆድ የለውም እንዴ?

እና ባለፈው እሑድ እድራችን ሲሰበሰብ ይሄን አነሳሁ። ከመዋጮው ትንሽ ቀንሰን ለሰፈራችን የሁለተኛ ደረጃ ልጆች የቁርስ እንመድብ አልኩ። አንድ አባት ተነሡና "ልጄ፣ እድር ለቀብር ነው" አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ ደንቡ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ገንዘብ ያዧ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። ድሮ አስተማሪ ነበሩ። "እኔ ሳስተምር ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የሚያንቀላፋውን ልጅ በኩርኩም ነበር የምቀሰቅሰው" አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፣ ተቀመጡ። ቤቱ ትንሽ ዝም አለ።

አልተወሰነም። ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል። እስከዚያ ግን ቁርስ ሳይበሉ የሚሄዱት ልጆች ስንት እንደሆኑ ይታወቅ ተባለ። ቤት ለቤት ዞሮ ስም የሚጽፍ ሰው ተፈለገ። እጄን አወጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ ዝርዝሩ የትም እንዳይለጠፍ።