እንደመጣች የሰካናት እህቴ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ያው አዳማ፣ ያው ክፍሌ። በመሃል የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ታገሱኝ፤ መስኮቱን ከዘጋሁት ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባቡር ነው። ድንበር ሲሻገር የሚጠቀመውን ኤሌክትሪክ ስለሚቀያይር ባቡር። ግን ከብሌንደር ልጀምር፤ እኔም ወደ ባቡሩ የገባሁት በብሌንደር ነው።

እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ባለፈው ስትመጣ ለእማዬ ብሌንደር ይዛላት መጣች። ከቦሌ ተቀብለናት በፈጣኑ መንገድ በቀጥታ አዳማ ገባን። ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ተጨናንቋል፣ ቡናው ይወቀጣል። ሻንጣው እንደተከፈተ አንዱ «እስቲ ይሞከር!» አለ። አቮካዶ ተላጠ። እኔ ደግሞ የቤቱ ኢንጂነር ነኝ ባይ፣ ሶኬቱን በማቀያየሪያ አድርጌ ዲቫይደሩ ላይ ሰካሁት።

ማቀያየሪያው የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው። ይሄን አሁን ነው የማውቀው።

ብሌንደሩ እንደ አውሮፕላን ጮኸ። ከዚያ ሽታ፣ ከዚያ ጭስ። እማዬ «በስመ አብ!» ብላ ብድግ አለች። ክዳኑን በደንብ አልገጠምኩትም ነበርና አቮካዶው እስከ መጋረጃው ደረሰ። ገልብጬ ሳየው ታች ላይ ተጽፏል፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። የእኛ ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ማንበብ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። ፈቱትና «እይ ካርቦኑን» አሉኝ። ከጥፍሬ የማይበልጡ ሁለት ጥቁር ነገሮች፣ በስፕሪንግ ተገፍተው የሚሽከረከረውን መዳብ ይነካሉ። መዳቡ ከሰል መስሏል። «ሁልጊዜም እዚህ ጋ ብልጭ ብልጭ ይላል። አንተ እጥፍ ስትሰጠው ነደደ።»

ማታ ስለዚህ ሞተር ሳነብ ሳነብ የአውሮፓ ባቡር ውስጥ ገባሁ። ለካ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ብዙዎቹ የሚሄዱት በዚሁ ባለ ካርቦን ሞተር ዘመዶች ነበር፤ የቤት ያህል ሲተልቅ ማለት ነው። ያን ግዙፍ ሞተር 50 ኸርዝ ሲሰጡት ካርቦኑ ላይ እሳት ይተፋል። ስለዚህ የጀርመን ባቡር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1912 አካባቢ ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ ሲሶ አደረጉት፤ 16 ከ2/3ኛ ኸርዝ። ቮልቱ 15 ሺህ። ኦስትሪያም ስዊዘርላንድም ስዊድንም ኖርዌይም በዚሁ ሄዱ። ዛሬ ሞተሩ ተቀይሯል፣ ካርቦን የለም፣ ችግሩም የለም። ሽቦው ግን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተዘርግቷል፣ ማን ይነቅለዋል? አሁን 16.7 ኸርዝ ይሉታል እንጂ ያው ነው።

ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ሌላ ሌላ መርጠዋል። ጣሊያንና ቤልጂየም 3 ሺህ ቮልት ዲሲ፣ ማለትም የማይመላለስ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ። ሆላንድ 1,500 ቮልት ዲሲ። ፈረንሳይ በአንድ አገር ሁለት ዓይነት አላት፤ ደቡቡ በአመዛኙ 1,500 ዲሲ፣ ሰሜኑ 25 ሺህ ኤሲ፣ የሚመላለሰው ዓይነት። ማንም ሞኝ አልነበረም። ሁሉም የዘመኑን ችግር ነው የፈታው። ዕዳው የወደቀው በሚሻገረው ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ መፍትሔው ድንበር ላይ ቆሞ ሎኮሞቲቩን፣ ባቡሩን የሚጎትተውን ማለት ነው፣ መቀየር ነበር። በኦስትሪያና በጣሊያን መካከል ብሬነር የምትባል የተራራ ጣቢያ አለች፤ የአንዱ ሽቦ እዚያ ያልቃል፣ የሌላው ይጀምራል። ተሳፋሪው ይቀመጣል፣ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1961 ግን ስዊዞች አራቱንም ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚችል ባቡር አወጡ። ለንደንና ፓሪስን ያገናኘው ዩሮስታር የሚሉት ባቡር ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ በባሕር ሥር በ25 ሺህ ቮልት እየበረረ ይመጣና፣ እንግሊዝ ሲገባ ከሐዲዱ ጎን ከተዘረጋ ብረት 750 ቮልት ይለቅም ነበር፤ በዝግታ። አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪያልቅ እንዲያ ኖረ።

የገረመኝ ውስጡ ነው። የዛሬው ሎኮሞቲቭ ከላይ ምንም ይቀበል ምን፣ መጀመሪያ ወደ አንድ ዓይነት ዲሲ ይቀይረዋል። ከዚያ ለሞተሮቹ እንደሚፈልጉት አድርጎ ያድላል። ሞተሩ ጀርመን ይሁን ጣሊያን አያውቅም። መከራውን የሚያየው ኤሌክትሪኩ የሚገባበት በሩ ነው። ጣሪያው ላይ ሽቦውን የሚነካው ታጣፊ ክንድ፣ ፓንቶግራፍ የሚሉት፣ አንዳንዱ ላይ አራት ነው፤ የስዊዙ ጠባብ ነው፣ የጀርመኑ ሰፊ። ቮልቱን የሚያወርደው ትራንስፎርመር ደግሞ ከዕቃዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ባነሰ ቁጥር ብረቱ ይበዛል። ዲሲ አገር ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። 6 ሜጋዋት ጉልበት ለመሳብ በ25 ሺህ ቮልት የ240 አምፔር ፍሰት ይበቃል፤ በ1,500 ግን 4 ሺህ አምፔር ሊፈልግ ነው። ሽቦው አይችለውም። ስለዚህ እዚያ ጉልበቱን ቀንሶ ነው የሚሄደው።

ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም። በመሃላቸው ምንም ኤሌክትሪክ የሌለበት ቁራጭ አለ። ሹፌሩ ኃይሉን ይቆርጣል፣ ክንዱን ያወርዳል፣ ባቡሩ በያዘው ፍጥነት ብቻ ይንሸራተታል። ያን ቁራጭ ሲያልፍ ሌላውን ክንድ ያነሣል። ማሽኑ መጀመሪያ ሽቦው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ይለካል፤ ከለየ በኋላ ነው ዋናው ማብሪያ የሚበራው። እኔ ያላደረግኩትን ማለት ነው።

የእኛው መስመር ከዚህ ሁሉ ተገላግሏል። ከአዲስ አበባ በአዳማ አልፎ፣ ደወሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ጅቡቲ እስኪገባ 25 ሺህ ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘግይቶ መሥራት አንዳንዴ ይጠቅማል። አንዱ ሎኮሞቲቭ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። በነገራችን ላይ እማዬ ባቡሩን አሁንም በድሮው ስሙ «ሊትሪና» ነው የምትለው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ማለቱ እስከ ዛሬ ያናድዳታል።

ይሄን ሳነብ ግን ልቤ ባቡሩ ላይ አልቆየም። ያን ቀን እህቴን ራሷን እንደ ብሌንደሩ ነበር የሰካናት። ሌሊቱን ሙሉ በረራ ላይ ነበረች። የዚያን ዕለት ማታ ልቅሶ ቤት ይዘናት ሄድን፣ በነጋታው የክርስትና ጥሪ። አንዱ ብድር ይጠይቃታል፣ አንዷ «ከሳሽ» ትላታለች፣ ሌላዋ «ወፈርሽ»። በሦስተኛው ቀን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ምንም» አለች። ከተመለሰች በኋላ ነው በስልክ የነገረችኝ፦ «አንድ ቀን ብቻ ማንም ባያናግረኝ፣ ብተኛ፣ ይበቃኝ ነበር።»

ለገና ትመጣለች። ለእማዬ ነገርኳት፤ የመጀመሪያው ቀን እንግዳ የለም፣ ቡናም ለእኛ ብቻ። ተቆጣች። «ጎረቤት ምን ይለኛል?» ተከራከርን። እስከ ከሰዓት ድረስ ተስማምታለች። እኔ እስከ ማታ ነበር የጠየቅኩት።

ሽማግሌው ብሌንደሩን ለ220 ሊጠቀልሉት ፈልገው ነበር። እማዬ «እንዳመጣችው ይሁን» አለች። ስለዚህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ከብሌንደሩ ይከብዳል። ቡፌው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠናቸዋል። እማዬ ትራንስፎርመሩን ዳንቴል አልብሳዋለች። «እማ፣ ይሞቃል፣ አውልቂው» ብላት «ራቁቱን እንዴት እንግዳ ይቀበላል?» አለችኝ።