ልጁ ቤት አለው ወይ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም የምቀዳው ከዚችው ከአራት ኪሎዋ ሰርቪስ ነው። በሩ ሲንኳኳ ከሰማችሁ አከራያችን ናቸው። ዝም ካልኩ ቆይተው ይመለሳሉ።

ዛሬ ስለ አሳ ላወራ ነው። በጾም ፒያሳ ሄደን የምንበላውን ቆሮሶ አይደለም። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክርም አልነካውም። የኔው አሳ ጎቢ ይባላል። ከ1,700 በላይ ዝርያ ያለው ትልቅ ዘር ነው። እኔ የያዘኝ ግን አንዱ ነው፣ የአሸዋ ጎቢ። ከኖርዌይ እስከ ሜዲትራኒያን ባለው የአውሮፓ ዳርቻና ወንዝ ከባህር በሚቀላቀልበት ውኃ ውስጥ ይኖራል። በ1770 እ.ኤ.አ. ፓላስ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ሚኑተስ» አለው። ትንሹ ማለት ነው። እውነቱን ነው፣ ቢበዛ ቢበዛ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። መልኩም አሸዋ፣ ኑሮውም አሸዋ ላይ። ዝም ብሎ ከተጋደመ አታዩትም።

ይህን አሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ያየሁት መብራት ሊሄድ ሲል፣ ከባለቤቴ ጋር አልጋ ላይ ተጋድመን ነው። ወንዱ ባዶ ዛጎል ፈልጎ ያገኛል። አፉ ወደ ታች ሆኖ የተደፋ መሆን አለበት። ከስሩ ያለውን አሸዋ ይቆፍርና ያወጣል። ከዚያ ከላይ በኩል አሸዋ እየጠረገ ይከምርበታል። ሲጨርስ ዛጎሉ አይታይም፣ አንዲት ጠባብ በር ብቻ ትቀራለች። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሚስት ለማግኘት ነው። ሴቷ መጥታ ታያለች። ከወደደችው ትገባና ተገልብጣ እንቁላሏን ጣራው ላይ ትለጥፋለች።

እዚህ ጋ ሁለታችንም ሳቅን። ለሷ ሽማግሌ የላክሁ ቀን አጎቷ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ምን መሰላችሁ? ትምህርቴን አይደለም፣ ሥራዬንም አይደለም። «ልጁ ቤት አለው ወይ?» ከሽማግሌዎቼ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ተመዝግቧል» አሉ። የ2005 ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ልጅቷም ተሰጠችኝ። ያንን መልስ እስካሁን የቤተሰብ ቀልድ አድርገውታል።

ጎቢ ግን «ተመዝግቤያለሁ» ማለት አይችልም። ዛጎል ከሌለው የለውም። ያለውንም ቢሆን ጉልበተኛ መጥቶ ሊቀማው ይችላል። ቤት ያጡት ትንንሾቹ ደግሞ አድብተው የሰው ቤት ሾልከው ይገባሉ፣ ዘራቸውን ጣል አድርገው ይወጣሉ። ይሄንንስ ሰፈራችሁ ውስጥ የማታውቁት አይመስለኝም። ተመራማሪዎች ይህን ሁሉ ሲያጠኑ ለሁለት የተከፈለ የሸክላ አበባ ማሰሮ ይሰጡታል አሉ። በደስታ ይገባበታል። እኔም ቢሰጠኝ አልጠላም ነበር።

ሴቷ ከወለደች በኋላ ትሄዳለች። አባት ይቀራል። እንቁላሎቹ አየር እንዲያገኙ ቀንም ሌሊትም በክንፉ ውኃ ያራግብላቸዋል፣ በሩንም ይጠብቃል። አንዳንዴ ደግሞ ከገዛ እንቁላሎቹ ጥቂቱን ይበላል። ባለቤቴ እዚህ ላይ ስልኩን ልትነጥቀኝ ነበር። እኔ ግን ከነጉዱ ወድጄዋለሁ። ልጃችን ባለፈው ትኩሳት የያዘው ሌሊት እስኪነጋ በካርቶን ሳራግብለት፣ ንጋት ላይ ምን ያህል ተበሳጭቼ እንደነበር እሷም ታውቃለች። ቃል ወጥቶኝ ነበር፣ እዚህ አልደግመውም።

ዕድሜው አንድ ዓመት፣ ቢረዝም ሁለት ነው። ከ2005 ወዲህ ስንት የጎቢ ትውልድ ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እንዳለፈ አስቡት።

ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት ምን አለች? «እሱ እኮ ኪራይ የለበትም።»

በሉ፣ በሩ ተንኳኳ። አቤት እትዬ! መጣሁ!